በሬሳ በር በቁም

የሄዝልኮት የጥንት ግንበኞች ግድግዳ ማቆም ያውቁ ነበር፤ ደረጃ መሥራት ግን አያውቁም። ይህን ስል የመንደሬ ሰው ይቆጣል። ይቆጣ። ዕድሜዬን ሙሉ በእነዚህ ደረጃዎች ጭንቅላቴን ስመታ የኖርኩት እኔ ነኝ።

ቤቶቻችንን ከውጭ ብቻ ያየ ሰው አፉን ከፍቶ ይቀራል። እውነቱን ነው። ግድግዳው ክንድ ሙሉ ውፍረት አለው፤ ድንጋዩ ጠዋት ግራጫ ሆኖ ያረፍድና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲመታው ማር ይመስላል። ክዳኑም ድንጋይ ነው። ከታች በኩል ትልልቁ ጠፍጣፋ ይነጠፍና ወደ ላይ እያነሰ፣ እያነሰ ይሄዳል፤ ጫፉ ላይ ሲደርስ መዳፍ የሚያህል ይሆናል። መስኮቶቹን ቋሚ ድንጋዮች ይከፍሏቸዋል፤ ከበላያቸው ደግሞ ዝናቡን ወደ ጎን የሚመልስ የድንጋይ ቅንድብ አላቸው። ይህ ሁሉ ልብ ተሰጥቶት የተሠራ ነው። ደረጃው ግን ሥራው ካለቀ በኋላ ትዝ ያላቸው ነው የሚመስለው። በጭስ ማውጫውና በግድግዳው መካከል በተረፈች ጠባብ ቦታ ወሽቀውት፣ ቀና ማለት እስኪያቅት ይጠመዘዛል። ወፍራም ሰው በጎኑ ነው የሚወጣው። ሕያው ሰው እንደ ምንም ብሎ ይተጣጠፋል፤ የሬሳ ሣጥን ግን አይታጠፍም።

ስለዚህ መላ ዘየዱ። በላይኛው መኝታ ቤት ወለል ላይ፣ በሁለት ተሸካሚ እንጨቶች መካከል፣ ሣጥን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ትተው በሚነሣ ሳንቃ ገጠሙት። ከቀዳዳው በላይ፣ የጣሪያው አግዳሚ ላይ፣ ወፍራም የብረት ቀለበት ሰኩ። ሰው ሲሞት ሳንቃው ይነሣል፣ መዘውር ቀለበቱ ላይ ይንጠለጠላል፣ ሣጥኑ በገመድ ተይዞ ወደ ታችኛው ወጥ ቤት ይወርዳል። የሬሳ በር እንለዋለን። ለሚወጣ ለሚወርደው ሰው ያልተጨነቁ ሰዎች ለሟቹ ተጨንቀው መንገድ አበጁ። እንዲህ ነበሩ አባቶቻችን።

ገመዱን የምንይዘው እኛ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ደዋዮች ነን። ጥሩ ገመድና ጥሩ መዘውር ያለው በደወሉ ማማ ብቻ ስለነበረ ሥራው ከእጃችን ሳይወጣ ቀረ። የደዋዮቹ አለቃ እኔ ዶርካስ ፒም ነኝ፤ ከእኔ በፊት አባቴ ነበር። ሕጋችን አንድ ነው፤ ገመድ የያዘ ሰው ሸክሙ መሬት ሳይነካ አይለቅም። ቢያስነጥሰው፣ ንብ ቢነድፈው፣ አይለቅም። ከሕጉ ሌላ ደግሞ አንድ ፍርሃት አለ። የሬሳ በር አንዴ ከተከፈተ ሰው ሳያሳልፍ አይዘጋም ይባላል። በዚህ የተነሣ አቧራ ለመጥረግ እንኳ የሚከፍተው የለም።

አሁን ወደ አክስት ሄስተር ልምጣ።

ሄስተር ላቭሪጅን መንደሩ በሙሉ አክስት ሄስተር ነው የሚላቸው፤ የሥጋ አክስትነታቸው ግን ለኔቪል ብቻ ነው። የሚኖሩት መንገዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚታጠፍበት፣ የጥጉ ቤት በምንለው ነው። ከመንደራችን ቤቶች ሁሉ ያረጀውና ደረጃው ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። እዚያው ላይኛው ክፍል ተወለዱ፣ እዚያው አገቡ፣ ባላቸውን አምብሮስን እዚያው አስታመው በሬሳው በር ሸኙ። ልጅ አልወለዱም፤ እህታቸው ስትሞት ኔቪልን ወስደው አሳደጉ። ጥሩ ልጅ ነበር፤ ደወል መደወልም እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ጎልማሳ ሲሆን ከተማ ገባ። ከዚያ በኋላ ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት የሚባለው ደረሰባቸው።

በብርዱ ወራት አክስት ሄስተር አልጋቸው ሥር ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። በአምቡላንስ የመጡት ሰዎች ቃሬዛውን በደረጃው ማዞር አቃታቸው። በመጨረሻ ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጠው፣ ኔቪል እግራቸውን ይዞ፣ በየደረጃው እያንሸራተቱ አወረዷቸው። እኔ ታች ቆሜ ነበር። አክስት ሄስተር ሲሳደቡ እንጂ ሲያቃስቱ አልሰማሁም። ከሆስፒታል ሲመለሱ ደግሞ ሥጋ ሻጩ ሬጅ በጀርባው አዝሎ አወጣቸው፤ ሁለቱም ክርናቸው ተላልጦ ላይ ደረሱ። ከዚያ ወዲህ መውረድ የለም። ምግብና እጥበት የሚያግዙ ተንከባካቢዎች ማዘጋጃ ቤቱ ሊልክ ነበር፤ እስኪላኩ ድረስ እኔና ሁለት ጎረቤቶች ተራ ገባን።

ሐሙስ ዕለት ከማዘጋጃ ቤቱ ሚስ አንስቲ የምትባል ወጣት መጣች። ኔቪልም ከከተማ መጥቶ ነበር። ሻይ አቀረብኩ። አክስት ሄስተር አልጋቸው ላይ ተደግፈው፣ ከዘራቸውን እንደ ዳኛ ይዘው ተቀመጡ።

«ደንቡን እኔ አላወጣሁትም፣ ወይዘሮ ላቭሪጅ» አለች ሚስ አንስቲ። «በደረጃ መውረድ የማይችል ሰው ፎቅ ላይ ካለ፣ ሠራተኞቻችን እዚያ ወጥተው መሥራት አይፈቀድላቸውም። እሳት ቢነሣስ?»

«እሳት ቢነሣ እሞቃለኋ። ይህ ቤት ሙቀት አይቶ አያውቅም።»

«አክስቴ፣ ቀልድ አይደለም» አለ ኔቪል።

«አውቃለሁ። አንተ ከመጣህ ወዲህ ቀልድ የለም።»

ሚስ አንስቲ አልጋውን ታች ወጥ ቤት ማውረድ ይቻል እንደሆነ ጠየቀች። እሱን እኔ መለስኩላት። የታችኛው ወለል ጥሬ አፈር ላይ የተነጠፈ ድንጋይ ነው፤ ከመስከረም በኋላ ያልበዋል። ሐኪሙ የአክስት ሄስተርን ሳንባ ካዳመጠ በኋላ እዚያ እንዳያድሩ ከልክሏል።

«እንግዲያው የሚቀረው ዊሎው ላውን ነው» አለ ኔቪል። ከተማ ውስጥ ያለ የአረጋውያን ቤት ነው። «ቦታ ይዤልሻለሁ። ክፍሉ ሰፊ ነው፣ ምንጣፍ አለው፣ ትልቅ መስኮት አለው።»

«በመስኮቱ ምን ይታያል?»

ኔቪል ሻዩን አማሰለ። «የመኪና ማቆሚያ።»

«የማን መኪና?»

«እኔ እንጃ አክስቴ! የሰው መኪና!»

አክስት ሄስተር ከእሱ ፊታቸውን መልሰው ወደ ልጅቷ ዞሩ። «የኔ ልጅ፣ ደንቡ ቃል በቃል ምን ይላል? ንገሪኝ።»

ሚስ አንስቲ ወረቀት ሳታይ በቃሏ ነው የምታውቀው። «በደረጃ ማውጣት ካልተቻለ፣ ሰውየውን በደህና የሚያወጣ ሁለተኛ መውጫ ሊኖር ይገባል። መሥራቱም በሙከራ መታየት አለበት።»

«አለ።»

«ምኑ?»

«ሁለተኛው መውጫ። የቆምሽው እሱ ላይ ነው።» በከዘራቸው ምንጣፉን ነካ ነካ አደረጉ። «እናቴ በዚህ ወጣች። አምብሮስም በዚህ ወጣ። አንዳቸውም ቅሬታ አላቀረቡም።»

ነገሩ ምን እንደሆነ ስነግራት ልጅቷ ትኩስ ምጣድ እንደረገጠ ሰው እግሯን ሰበሰበች። ኔቪል ቲማቲም መሰለ። ለካ ባለፈው ወር ጫማው የሾለ አንድ ወጣት ደላላ ይዞ መጥቶ ቤቱን ፎቶ ሲያስነሣ፣ ወጣቱ ምንጣፉን ገልጦ የሬሳውን በር አይቶ «ይህ ደግሞ የድሮ ምግብ ማመላለሻ ነው፤ ገዢዎች ይወዱታል» ብሎ ኖሯል። አክስት ሄስተር የተኙ መስሎት ነው።

«አምብሮስን ምሳ አደረገልኝ» አሉ አክስት ሄስተር።

ሚስ አንስቲ ሳቋን በሻይ ሲኒ ሸፈነች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ግን ወይዘሮ ላቭሪጅ፣ እሱ ለሞቱ ሰዎች አይደለም እንዴ?» አለች።

«ደንብሽ ‹ለሟች ብቻ› የሚል ነገር አለው?»

«እ... የለውም።»

«እንግዲያው ቅዳሜ ነይ። ዶርካስ፣ ገመድሽን ይዘሽ ነይ።»

«ሳትሞቺ?» አለ ኔቪል።

እኔም ፈርቻለሁ፤ አልዋሽም። የዘጠና አንድ ዓመት ሴት ወንበር ላይ አስሮ በቀዳዳ ማንጠልጠል ማንን አያስፈራም? ሐሳባቸውን ላስቀይር ብዬ ቃል እያዘጋጀሁ ነበር። ግን ኔቪልን ስሸኝ የመኪናውን ኋላ ሲከፍት አየሁ። ብርድ ልብስ ሥር ተገልብጦ የተቀመጠ ሰሌዳ አለ፤ እንጨቱም አብሮ፣ ጫፉ ለመሬት ተቀርጾ። «የሚሸጥ ቤት» ብለው በየደጁ የሚተክሉት ዓይነት። አክስት ሄስተር ገና ላይ ሻይ እየጠጡ ነው! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ ደሜ ፈላ። ተመልሼ ወጣሁና ያየሁትን ነገርኳቸው።

«ወንበሩ ክንድ ያለው ይሁን» አሉ።

ዓርብ ማረሻው ወደሚባለው መጠጥ ቤት ሄጄ ለደዋዮቼ ነገርኩ። እንኳን ሊስማሙ ቢራቸውንም ረሱት።

«እኔ በሬ በገመድ አውርጃለሁ» አለ ሬጅ። «ሣጥን አውርጃለሁ። የሚናገር ነገር አውርጄ አላውቅም።»

«በሩ ከተከፈተ ሰው ይወስዳል» አለ ሌላው ደዋይ ሲሪል።

«ይውሰዳ! ሄስተርን ይወስዳል፣ ወጥ ቤት ድረስ!» አልኩ።

«ሳቂ አንቺ። ሚስቴ ከሰማች እግሬን ትሰብረዋለች።»

«ሲሪል፣ ሚስትህ ደወል እንድትደውል የፈቀደችልህ ድምፁ ከእሷ ድምፅ ስለሚያንስ ነው አይደል?»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ፤ ሲሪልም ሳቀ፣ ግን ዓይኑን ከብርጭቆው አላነሣም። እንደሚቀር ያኔ አወቅሁ። ሬጅ ግን ሲወጣ በሩ ላይ ጠብቆኝ፣ «ስንት ይመዝናሉ?» አለኝ። አንድ ትንሽ አሳማ ያህላሉ አልኩት። «ይሁን» ብሎ ሄደ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ የጥጉ ቤት ደጃፍ በሰው ተሞላ። ማንም አልጠራቸውም፤ ሁሉም ድንገት በዚያ መንገድ ማለፍ አስፈልጓቸው ነው። ሬጅ ግማሽ አሳማ ትከሻው ላይ ጥሎ ደረሰ። ምንጣፉን ገልብጠን ሳንቃዎቹን አገኘናቸው፤ የጥንቱ አናጢ በመጥረቢያ ጫፍ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ምልክት አድርጎባቸዋል፤ በየተራቸው ካልተነሡ አይነሡም። ከታች፣ ከአምብሮስ ቀብር በኋላ ኔቪል ያስለሰነው ኮርኒስ ነበር። ሬጅ በእግሩ ሲለው ልስኑ ወጥ ቤቱ ላይ ዘነበ፤ ታች ትጠብቅ የነበረችው ሚስ አንስቲ በልስኑ ነጭ ሆና ወደ ደጅ ወጣች። ከዚያ ከታች የሚነፍሰው ቀዝቃዛ አየር ወደ ክፍሉ ገባ። ደጁ ላይ የነበሩት ሰዎች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

መዘውሩን ቀለበቱ ላይ ሰቅዬ መጀመሪያ ለሙከራ አሳማውን አወረድን።

«ከአሳማ ጋር ልታወዳድረኝ ነው?» አሉ አክስት ሄስተር ከአልጋቸው።

«አሳማው ይሻላል» አለ ሬጅ። «ዝም ይላል።»

አክስት ሄስተር አረንጓዴ ባርኔጣቸውንና የቤተ ክርስቲያን ካፖርታቸውን ለብሰዋል፤ ከንፈራቸውን ቀለም ተቀብተዋል። ክንድ ባለው ወንበር ላይ አስቀምጠን በወፍራም ቀበቶዎች አሰርናቸው። ገመዱ ሦስት ሰው ይፈልጋል። እኔ አለሁ፣ ሬጅ አለ። ሲሪል የለም።

በዚህ መካከል ኔቪል እየሮጠ ደረጃውን ወጣ፤ እንደ ሁላችንም ጭንቅላቱን መታ። «አቁሙ! ይህ እብደት ነው! ዶርካስ፣ እርስዎ እንኳ?»

«በጊዜ መጣህ» አሉ አክስት ሄስተር። «ገመድ ያዝ።»

«አልይዝም።»

«ለአምብሮስ ይዘሃል።»

«እሱ ሞቶ ነበር!»

«ታዲያ ከሞተ ሰው አንሼ ነው?»

ኔቪል እኔን አየ፣ ሬጅን አየ፣ ቀዳዳውን አየ። እሱ ባይይዝ እኔና ሬጅ ብቻችንን እንደምናወርዳቸው ገባው መሰለኝ። ኮቱን አውልቆ ከኋላዬ ቆመና ገመዱን ያዘ። እጁ አልረሳም፤ አውራ ጣቱን እንዳስተማርኩት ከላይ አድርጎ ነው የያዘው።

ወንበሩን ከወለሉ አነሣን፣ ሬጅ በእግሩ ገፋ አድርጎ ከቀዳዳው መካከል አስተካከለው። ከዚያ ጥቂት በጥቂት ገመዱን ሰጠን። ጫማቸው ጠፋ። ጉልበታቸው ጠፋ። ደረታቸው ከወለሉ እኩል ሲሆን በከዘራቸው የሳንቃውን ጠርዝ አንኳኩ።

«አቁሙ!»

ቆምን። እግራቸው ወጥ ቤት ነው፣ ራሳቸው መኝታ ቤት። ባርኔጣቸው ከጉልበታችን ከፍ አይልም፤ ግን ቀና ብለው ሲያዩን ያነስነው እኛ ነን።

«ምን ተፈጠረ?» አለች ሚስ አንስቲ ከታች፣ ለጫማቸው። «ችግር አለ?»

«ምንም የለም የኔ ልጅ። ዘመድ እያነጋገርኩ ነው።» ከዚያ ወደ ኔቪል ዞሩ። «መኪናህ ውስጥ ያለው ሰሌዳ ምን ይላል?»

ገመዱ ላይ የኔቪል እጅ ሲጠብቅ ተሰማኝ። «አክስቴ፣ አሁን?»

«መቼ ታዲያ? ይህን ነገር ባነሣሁ ቁጥር ስልክህ ይጠራል። አሁን እጅህ ተይዟል።»

ኔቪል የአልጋውን የብረት እግር አየ፤ ገመዱን እዚያ ማሰር ይቻል ነበር። እኔም አይቼዋለሁ። እንዳላየ ሆንኩ። አለቃዋ እኔ ነኝ፤ እሰሩት አላልኩም።

«ክንዴ እየዛለ ነው» አለ።

«ልቀቀው እንግዲህ። ታች ድንጋይ ነው። ከምሳ በኋላ ሰሌዳህን ትተክላለህ።»

«እንደሱ አትበይ!» ብሎ ጮኸ። ኔቪል ሲጮህ ከልጅነቱ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። «ለቤቱ ብዬ ይመስልሻል? ቤቱ ገደል ይግባ! ስልክ በጠራ ቁጥር ሞተሽ ይመስለኛል። በተኛሁ ቁጥር እሳት ይታየኛል። ያን ቀን በዚያ ደረጃ እንደ ጆንያ ሲያንሸራትቱሽ እግርሽን የያዝኩት እኔ ነኝ። አጥንትሽ እጄ ውስጥ ሲንቋቋ ሰምቻለሁ። ድጋሚ አልሰማም። አልችልም!»

እንባው ወረደ። እጁ ገመዱ ላይ ስለሆነ መጥረግ አልቻለም፤ አገጩ ድረስ ወርዶ ጀርባዬ ላይ ተንጠባጠበ። ሬጅ ግድግዳውን ያያል። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ኔቪልን እንደ ሌባ ነበር የማየው፤ ሌባ ሳይሆን የፈራ ልጅ ነበር። ይህን ማወቄ ግን ገመዱን አላቀለለውም።

አክስት ሄስተርም ድምፃቸው ለዘብ አለ። «ይህን ለምን መጀመሪያ አልነገርከኝም?»

«ትስቂያለሽ ብዬ።»

«እስቅ ነበር። ከሳቅኩ በኋላ ግን እሰማህ ነበር።» ገመዱ መዘውሩ ላይ ሲጥ ሲጥ ይል ጀመር። «ስማኝ ልጄ። ፍርሃትህን አልንቅም። ግን ፍርሃቱ ያንተ ነው፣ አልጋው የኔ ነው። አንተ እንቅልፍ እንዲወስድህ ብዬ እኔ የሰው መኪና እያየሁ አልሞትም።»



«ምን ልበል?» አለ ኔቪል በመጨረሻ።

«እስትንፋሴ እያለ ይህ ቤት አይሸጥም፣ እኔም ከዚህ ቤት አልወሰድም በል። ደጅ ያሉት እስኪሰሙ ድረስ።»

«እስትንፋስሽ እያለ... »

«ጮክ በል። እዚህ ቤት ግድግዳው ወፍራም ነው።»

ኔቪል አየር ስቦ ጮኸ። «እስትንፋስሽ እያለ ይህ ቤት አይሸጥም፣ አንቺም ከዚህ ቤት አትወሰጂም!» ከመስኮቱ ውጭ እርግቦች ብር ብለው ተነሡ።

«ሰምቻለሁ!» አለች ሚስ አንስቲ ከታች። ደጁ ላይ አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረና ሌላው ተከተለው።

«አሁን አውርዱኝ» አሉ አክስት ሄስተር። «ቀስ ብላችሁ። ካፖርቱ የእናቴ ነው።»

አወረድናቸው። የወንበሩ እግሮች ድንጋዩን ሲነኩ ገመዱ ላላ፤ ሦስታችንም በአንድ ጊዜ ለቀቅን። መዳፌ ተልጦ ነበር። ሬጅ አልጋው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና እንደ ልጅ ሳቀ። ኔቪል ፊቱን በሸሚዙ እጅጌ ጠርጎ ደረጃውን መጀመሪያ ወረደ፤ እኛም ተከተልነው።

ታች ስንደርስ ወጥ ቤቱ ሰው ሞልቶታል። የሲሪል ሚስት የዘቢብ ኬክ ይዛ መጥታለች፤ ሲሪል ከኋላዋ ቆሞ ጫማውን ያያል። ሚስ አንስቲ ፀጉሯ ላይ ልስን እንዳለ አክስት ሄስተር ፊት ተንበርክካ እጃቸውን ይዛለች።

«በደህና የሚያወጣ ሁለተኛ መውጫ አለ» አለች ለሁላችንም። «ተሞክሯል፣ አይቻለሁ። ሠራተኞቹ ሰኞ ይጀምራሉ። አለቆቼ አያምኑኝም፣ ግን ደንቡ ደንብ ነው።» ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ በዚያ ቀን ወረቀቱ የያዘልን ለእኛ ነበር።

ሻይ ተጣደ። ሰው ሁሉ የአክስት ሄስተርን እጅ ሊጨብጥ ይጋፋል፤ አንዳንዱ ሙቀት እንዳላቸው ለማረጋገጥ ይመስለኛል። ሬጅ ጎንበስ ብሎ ቀበቶዎቹን መፍታት ጀመረ።

ከዘራው ጣቶቹ ላይ አረፈ። «እጅህን ሰብስብ።»

«ልፈታዎት ነው እኮ፣ አክስት ሄስተር።»

«ማን ፍታኝ አለህ? አልጋዬ የት ነው ያለው?»

ሬጅ ቀና ብሎ ቀዳዳውን አየ። እኔም አየሁት። ሌላውም ሰው ሁሉ ቀና አለ፤ ኬኩ በየእጁ ቀረ። እውነቴን ነው፣ ስለ መውረድ ሳምንቱን ሙሉ ስንጨቃጨቅ ስለዚህኛው አንዳችንም አላሰብንም። መዘውሩን ስንሰቅል፣ ገመዱን ስንፈትሽ፣ አሳማውን ስናወርድ፣ አንድ ሰው እንኳ ትዝ አላለውም።

«አክስት ሄስተር፣» አለ ሬጅ፣ ቃሉን እየፈለገ፣ «በዚህ በኩል ወደ ላይ የወጣ ሰው የለም እኮ። ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ የለም።»

«የወረዱት ስላልጠየቁ ነው» አሉ አክስት ሄስተር።

ኔቪል ደረጃው ላይ ነበር። ጭንቅላቱን ሲመታና ሲሳደብ ሰማነው፤ ከዚያ ገመዱ ከላይ ተወጠረ። እኔና ሬጅ ተከትለን ወጣን፤ ሲሪልም ሚስቱን ሳይጠይቅ ተከተለን። ማውረድ ቀላል ነው፣ ሸክሙ ራሱ ያግዝሃል። መሳብ ግን ሌላ ነው። አራታችን ተራርቀን ቆመን፣ በደወል ቤት እንደምንለው አንድ፣ ሁለት ብለን ሳብን። መጀመሪያ ባርኔጣው፣ ቀጥሎ ፊታቸው ከወለሉ በላይ ብቅ አለ፤ ከንፈራቸው ቀለም እንዳለው ነው፣ ወደ አልጋቸው እያዩ ነው።